ዓይን ስለ ጆሮ ሲመሰክር



ከጀሞ ወደ መካኒሳ በእግሩ የሚሄድ ሰው፣ እርምጃው ራሱን ወደ ላይና ወደ ታች ቢንጠውም፣ በመንገዱ ዳር የተሰቀለውን የሱቅ ማስታወቂያ ሳይቸገር ያነባል። ፊደሎቹ አይዘሉበትም፤ አይደበዝዙበትምም። ይህን ጸጋ የምናገኘው ከዓይን ብርታት ብቻ ሳይሆን ከውስጠኛው ጆሮ አገልግሎት ጭምር ነው።

ውስጠኛው ጆሮ ከመስማት ሌላ የሰውነትን ሚዛን የመጠበቅ ሥራ አለበት። በግራና በቀኝ ፈሳሽ የያዙ ሦስት ሦስት ቀለበት መሰል ቀጫጭን ቦዮች ይገኛሉ። ራሳችንን ስናዞር ፈሳሹ ወደ ኋላ ስለሚቀር በዚያ ያሉት ነርቮች የራስን መዞር ለአንጎል ያስታውቃሉ፤ አንጎልም ዓይኖች በዚያው ልክ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ እንዲዞሩ ያዛል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከሰከንድ አንድ መቶኛ ባነሰ ጊዜ ነው።

ጆሮው በደከመ ጊዜ ግን ዓይን ከራስ ጋራ አብሮ ይሄድና የሚመለከተውን ነገር ይለቃል፤ ከዚያም በድንገት ዘልሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሐኪሞች የሚፈልጉት ምልክት ይህ የእርምት ዝላይ ነው።

ምርመራውን እ.ኤ.አ. በ1988 በጽሑፍ ያስታወቁት በአውስትራልያ፣ በሲድኒ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ሐልማጊና ከርቶይስ ናቸው። ሐኪሙ ሕመምተኛውን አፍንጫውን እንዲመለከት ያዘዋል፤ ራሱንም በሁለት እጁ ይዞ በአጭሩና በፍጥነት ወደ አንድ ወገን ያዞረዋል። ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይኖቹ ከአፍንጫው ካልለቀቁ የቀኙ ጆሮ ሥራውን ይሠራል፤ ለቀው ከሄዱ በኋላ ዘለው ከተመለሱ ግን የቀኙ ጆሮ ደክሟል ማለት ነው። ዝላዩ ራስ ገና በመዞር ላይ ሳለ ከተፈጸመ በዓይን ስለማይታይ፣ ለዚህ ፈጣን ካሜራ የተገጠመለት መነጽር ተሠርቷል።

ጆሮ ከሚደክምባቸው ምክንያቶች አንዱ መድኃኒት ነው። በስትሬፕቶማይሲን የታከመ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም የሁለቱንም ጆሮዎች ሚዛን አጥቶ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1952 ጽፏል። የልብ ትርታው እንኳ ፊደሎቹን ስለሚያዘልልበት፣ ለማንበብ ራሱን በአልጋው ብረቶች መካከል አስደግፎ ይይዝ ነበር። በአገራችንም ይህ መድኃኒት ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ለብዙ ዘመን በመርፌ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ለድጋሚ ታካሚዎች ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲን ያለበት ሕክምና እንዲቀር እ.ኤ.አ. በ2017 መክሯል።

ከሁሉ የሚበልጠው የምርመራው ጥቅም ግን ሌላ ነው። በድንገት ጀምሮ ሳያቋርጥ የሚያዞር፣ የሚያስመልስና መቆም የሚከለክል ሕመም አንዳንድ ጊዜ ከጆሮ ነርቭ መቆጣት፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ኋለኛው የአንጎል ክፍል የሚሄደው ደም በመቋረጡ ይመጣል። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። እንዲህ ባለው ሕመምተኛ ላይ የእርምቱ ዝላይ ሲገኝ ጥፋቱ በጆሮ ወገን መሆኑን ያመለክታል፤ ሲታጣ ግን ሐኪሙ ስለ አንጎል መሥጋት ይገባዋል። ለጤነኛ ሰው መልካም የሆነው ምልክት ለዚህ ሕመምተኛ የአደጋ ደወል ይሆናል ማለት ነው። ይህ ምርመራ ከሌሎች ሁለት የዓይን ምርመራዎች ጋራ ተጣምሮ በሠለጠነ ሐኪም እጅ ሲደረግ፣ ሕመሙ እንደ ጀመረ ከሚነሣው የኤም አር አይ ፎቶግራፍ ይበልጥ አደጋውን እንደሚለይ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ቀላል ቢመስልም ምርመራው የሐኪም እንጂ የቤተ ዘመድ ሥራ አይደለም፤ አንገትን በፍጥነት ማዞር ጉዳት ሊያመጣ ይችላልና። የእኛ ድርሻ ራስ ማዞርን ሁሉ በደም ግፊት ወይም በረኃብ ከማመካኘት ይልቅ፣ መቼ እንደ ጀመረ፣ ያቋርጥ እንደሆነ፣ ስንራመድ ጽሕፈት ይዘልብን እንደሆነ፣ በመርፌ የወሰድነውም መድኃኒት ምን እንደ ነበረ ለሐኪሙ በትክክል መናገር ነው። ማዞሩ ድንገተኛና የማያቋርጥ ከሆነ፣ ይልቁንም አንደበት ከተሳሰረ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም እጅና እግር ከዛለ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዓት እስኪያልቅ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።