ለብጉርና ለፊት መጨማደድ ስለሚቀባው የቫይታሚን ኤ መድኃኒት

በማለዳ ተነሥታ ፊቷን በመስተዋት ስትመለከት በግንባሯና በጕንጯ ላይ አዲስ ብጉር ያገኘች ልጃገረድ፥ በዚያን ቀን ሰው ፊት መቅረብ እንደ ዕዳ ይከብዳታል። እናቷም በበኩሏ በዓይኗ ጠርዝ የወጣውን ሽብሽባት እያየች ዕድሜዋን ትቈጥራለች። ለእነዚህ ለሁለቱ ችግሮች የሚረዳ አንድ ዓይነት ቅባት ስለ መኖሩ በየቤቱ ይወራል። ወሬው እውነት ነው፤ ነገር ግን አቀባቡን ያላወቀ ሰው ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱን ስለሚያገኝ፥ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባቢዎቻችን ዛሬ ፍሬ ነገሩን እንገልጻለን።

ቫይታሚን ኤ በጉበት፥ በእንቍላልና በወተት ውስጥ የሚገኝ፥ ከጎመንና ከካሮትም ሰውነታችን የሚያዘጋጀው፥ ለዓይንና ለቆዳ ጤና እጅግ የሚያስፈልግ ነገር ነው። ከዚህ ቫይታሚን ወገን የሆነው ትሬቲኖይን የሚባለው አሲድ፥ በቅባት መልክ ተዘጋጅቶ ለቆዳ ሕክምና ይውላል። በፊላዴልፊያ ከተማ በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ሐኪም የነበሩት አልበርት ክሊግማን ከባልደረቦቻቸው ጋራ በመሆን፥ ይህ አሲድ ለብጉር መድኃኒት መሆኑን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ጽፈው አስታወቁ። በ1971ም የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቀደው። እኒሁ ሐኪም በሆልምስበርግ ወህኒ ቤት በታሰሩ ሰዎች ቆዳ ላይ ብዙ ዓመት ሙከራ በማድረጋቸው እጅግ ተነቅፈዋል፤ የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤትም በ2021 ስለዚህ ነገር ይቅርታ ጠይቋል።

ለብጉር ሲሉ ቅባቱን ይቀቡ ከነበሩት መካከል በዕድሜ የገፉት ሴቶች ፊታቸው እንደ ለሰለሰ ስለ ተናገሩ፥ ሊቃውንቱ ነገሩን መመርመር ጀመሩ። በ1988 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መድኃኒት ያለበትንና የሌለበትን ቅባት 16 ሳምንት ሙሉ አነጻጽረው፥ ፀሐይ ያስረጀው ቆዳ በመድኃኒቱ እንደሚሻሻል አስረዱ። በ1995ም ለደቃቅ ሽብሽባት እንዲሰጥ በአሜሪካ ተፈቀደ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ብጉር የሚወጣው በጠጉር ሥር ያለው ቀዳዳ ከቆዳው በሚረግፈው ስስ ቅራፊና በወዝ ሲደፈን ነው። ትሬቲኖይን ቅራፊው እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ስለሚያደርግ ቀዳዳው ይከፈታል፤ አዲስ ብጉርም እንዳይበቅል ይከለክላል። ሽብሽባት ደግሞ በአብዛኛው የፀሐይ ሥራ ነው። ቆዳን ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን የሚባለውን ነገር የፀሐይ ጨረር እየሰበረ ያሳሳዋል፤ መድኃኒቱም ይህ መፍረስ እንዲቀንስና አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ይረዳል። ሆኖም ደቃቁን መስመር ያለሰልሳል እንጂ ጥልቁን ሽብሽባት አያጠፋም፤ የወጣትነትንም ፊት አይመልስም።

አንዲት የምናውቃት ልጃገረድ የእኅቷ ሠርግ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይህን ቅባት ገዝታ፥ ቶሎ ያድነኛል በማለት ጧትና ማታ አብዝታ ተቀባች። ሳምንት ሳይሞላ ፊቷ ቀላ፥ ተላላጠ፥ እንደ እሳትም አቃጠላት። በሠርጉ ቀን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ዋለች። ቁስሉ ሲድን በቦታው ጥቁር ምልክት ቀረ፤ እርሱም እስኪጠፋ ብዙ ወራት ፈጀ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይህ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ማናቸውም መቈጣት ከብጉሩ ይልቅ የሚቈይ ጥቁር ምልክት ሊተው ስለሚችል፥ ለእኛ ጥንቃቄው በእጥፍ ያስፈልገናል።

ስለዚህ ቅባቱን የሚጀምር ሰው ሐኪም አማክሮ፥ ዝቅተኛ ኀይል ያለውን፥ ለምሳሌ ከመቶ 0.025 የሆነውን ቢይዝ መልካም ነው። ማታ ፊትን በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ደኅና አድርጎ ማድረቅና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መቈየት ይገባል። ከዚያም የአንድ አተር ፍሬ ያህል ብቻ ወስዶ ለመላው ፊት ስስ አድርጎ ማዳረስ ነው። ወደ ዓይን፥ ወደ ከንፈርና ወደ አፍንጫ ጠርዝ አይጠጋ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሦስት ሌሊቱ አንድ ጊዜ መቀባት ይበቃል፤ ቆዳው ሲለምድ በየሁለት ሌሊቱ፥ በኋላም በየሌሊቱ ይሆናል። ቆዳው ከደረቀ ማለስለሻ ቅባት ይጨመርበት፤ ካቃጠለ ደግሞ ጥቂት ሌሊት ማሳረፍ ነው። ቅባቱን የሚጠቀም ሰው ቆዳው ለፀሐይ ስስ ስለሚሆን፥ ቀን የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ አይለየው፤ ይልቁንም እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ጨረሩ ብርቱ መሆኑን አንዘንጋ።

በመጀመሪያው ወር ብጉሩ ጥቂት ሊብስ ይችላል፤ ብዙዎች በዚህ ጊዜ ተስፋ ቈርጠው ይተዉታል። የብጉር ለውጥ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፥ የሽብሽባት ለውጥ ግን ብዙ ወራት ይጠይቃል። ትሬቲኖይን ለበረታበት ሰው ከዚሁ ወገን የሆኑ ለዘብ ያሉ አሉ፤ አዳፓሊን ለብጉር ይሰጣል፥ ሬቲኖል ደግሞ በቆዳ ውስጥ ወደ አሲድነት ስለሚለወጥ ኀይሉ ደካማ ነው።

ከሁሉ በላይ የምናሳስበው፥ እርጉዝ የሆነች ወይም ለመፀነስ የምታስብ ሴት ከዚህ ወገን የሆነውን ቅባት ሁሉ እንድትተው ነው። ከዚሁ ወገን የሆነ የሚዋጥ የብጉር መድኃኒት ፅንስን እንደሚጎዳ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ሐኪሞች የሚቀባውንም በእርግዝና ጊዜ ይከለክላሉ። እንዲሁም ፊት ያቀላል እየተባለ በገበያ የሚሸጠውን ስም የለሽ ድብልቅ በዚህ መድኃኒት ፈንታ መቀባት አይገባም፤ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ ስለሚገባበት ቆዳን ያሳሳል፥ ራሱም ብጉር ያመጣል።

እናቶች ሆይ፥ ልጃችሁ በብጉር አዝና ስታገኟት በመታጠብ ጉድለት አታመካኙባት፤ ብጉር የንጽሕና ጉድለት ውጤት አይደለም። ይልቁንም ከሐኪም ዘንድ አድርሷት፤ በየማታውም ያቺን የአተር ፍሬ ያህል ቅባት ስትለካ አጠገቧ ሁናችሁ ትዕግሥትን አስተምሯት።