የሚችል አምላክ፣ ያልዳነ በሽተኛ

ወር በገባ በ5፣ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ዕለት፣ ሳሪስ አቦ ደጅ ጧፍ ይዞ የሚቆም ምእመን «እግዚአብሔር ሁሉን ይችላል» ሲባል አይጠራጠርም። የሚያስጨንቀው ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው፤ ሁሉን ከቻለ የእኔን ልጅ ለምን አላዳነልኝም?

ፈላስፎች የሚወዱት እንቆቅልሽ አለ፤ እግዚአብሔር ራሱ ሊያነሳው የማይችለውን ድንጋይ መፍጠር ይችላል ወይ? በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ እንዲህ ላለው ጥያቄ መልሱን አስቀምጧል፤ እርስ በርሱ የሚጣረስ ነገር ከመጀመሪያውም ሊሆን የማይችል ስለሆነ አለመደረጉ የኃይል ጉድለት አያሰኝም። መጽሐፍ ቅዱስም እግዚአብሔር ሊዋሽ (ዕብራውያን 6፥18)፣ ራሱንም ሊክድ እንደማይችል (2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥13) ይናገራል። ይህ የባሕርዩ ጽናት ነው እንጂ ድካም አይባልም። በዚህ ላይ ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም ብዙ አይለያዩም።

ታዲያ የምእመኑ «ለምን አላዳነልኝም?» የሚለው ጥያቄ እልባት ያጣው ለምንድን ነው? አንዱ በእምነት ማነስ፣ ሌላው በትምህርት እጥረት ያመካኛል። እኔ ግን ልብ ያላልነው ምክንያት የምስክርነት ልማዳችን ይመስለኛል። በጸበል ቦታም ሆነ በጉባኤ አዳራሽ ማይክሮፎን የሚሰጠው ለዳነ ሰው ነው። ያልዳነችው እናት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቢጫ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ታክሲ ትሳፈራለች፤ የሚጠይቃት የለም። ዘወትር የሚሰማው የተፈወሰው ድምፅ ብቻ ሲሆን «ይችላል» የተባለው ሳይታወቅ «የግድ ያደርጋል» ወደሚል ይለወጣል። ሳይድን የቀረ ሰው ያን ጊዜ ወይ አምላኩን ይጠረጥራል፣ ወይ ራሱን ይኮንናል።

መዘዙን በኤችአይቪ ዘመን አይተነዋል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መታደል ሲጀምር፣ እንጦጦ ማርያም ጸበል ከሰነበቱት ሕሙማን መካከል ክኒን መዋጥ እምነት ማጉደል የመሰላቸው ነበሩ። መድኃኒቱ ደግሞ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ ካልተወሰደ ቫይረሱ ይላመደዋል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ በመሆናቸው እንደማይጋጩ በይፋ ተናገሩ። ለዚህ አዲስ ትምህርት አላስፈለጋቸውም። ከሰማንያ አሐዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምራል። ድውያንን የፈወሰው ሐዋርያው ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ለሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጅ እንዲወስድ መክሮታል። ያም ሆኖ ዛሬም የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቱን «እምነቴን ላሳይ» ብሎ የሚያቋርጥ ሰው አለ።

የሳሪሱ ጻድቅ ታሪክ ራሱ ሌላ ነገር ያስተምራል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዝቋላ ሐይቅ ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ ምሕረት መቶ ዓመት እንደለመኑ ገድላቸው ይተርካል። ጻድቁ ያን ያህል ደጅ ከጠኑ፣ በአንድ ሱባኤ መልስ ያላገኘን በሽተኛ በእምነት ጎደሎነት መክሰስ ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሲነግሥ የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ይነገራል፤ የእሳቱ መብረድ ደምቆ ይወጣል። ሦስቱ ወጣቶች እቶን ውስጥ ከመጣላቸው በፊት የተናገሩት ግን ሁለት ነገር ነበር፤ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል፣ ባያድናቸውም ለጣዖቱ እንደማይሰግዱ። እምነታቸው የተፈተነው በሁለተኛው ነው። በጌቴሴማኒም ጌታ ለአብ ሁሉ እንደሚቻለው ተናግሮ ለመነ፤ ጽዋው ግን አላለፈም። በተዋሕዶ ትምህርት በመስቀል ላይ የዋለው ሥጋ የለበሰው አምላክ ራሱ ነው፤ በፈቃዱ ተራበ፣ በፈቃዱ ሞተ። በመስቀል የተገለጠን ኃይል በተአምር ብዛት ብቻ መለካት ትምህርቱን ከመሠረቱ መናድ ነው።

ስለዚህ አጥማቂው «መድኃኒትሽን ወስደሻል ወይ?» ብሎ መጠየቅን ከአገልግሎቱ ይቁጠረው። ያልዳኑትም በዐውደ ምሕረት ቆመው ይናገሩ። ሕመሙ ሳይለቀው በእምነቱ የጸና ሰው ስለ እግዚአብሔር ኃይል ያለው ምስክርነት ከተፈወሰው አያንስም።