ሕንዳዊው ጎረቤቴና የሒሳብ አስተማሪዬ

(ከፍራንክፈርት አም ማይን)

ዛሬ ስለ ምርጫም፣ ስለ ፓርላማም፣ ስለ ድርጅቶች መግለጫም አልጽፍም። የማወጋችሁ ከእኔ በላይ ካለው ፎቅ ስለሚኖር አንድ የ31 ዓመት ሕንዳዊ ወጣት ነው። ‹‹ስለ ሕንድ ምን አገባን?›› የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ታገሱኝ፤ ወጉ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው ቤት መግባቱ አይቀርም።

የምንኖረው ጋሉስ በሚባለው የፍራንክፈርት ሰፈር ነው። የድሮ የሠራተኛ ሰፈር ነው። ከጎኑ በነበረው የባቡር ጭነት ጣቢያ ቦታ ላይ አዳዲስ ሕንፃዎች ከተተከሉ ወዲህ ግን ኪራዩ አይቀመስም። ወጣቱ ለባንኮች የኮምፒውተር ፕሮግራም በሚሠራ ድርጅት ተቀጥሮ በየጠዋቱ ወደ ኤሽቦርን በባቡር ይመላለሳል። እኔ በበኩሌ ሌሊቱን አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ስደረድር አድሬ ቀን ቤት ስለምውል፣ የሕንፃው ፖስታ ቤት ሆኛለሁ። ጀርመን አገር ዕቃ አድራሹ ባለቤቱን ካጣ ለጎረቤት ሰጥቶ፣ ወረቀት ጥሎለት ይሄዳል። ድሮ በመንግሥት ጋዜጣ ላይ ‹‹ይታተም››፣ ‹‹አይታተም›› እያልሁ እፈርም የነበርሁ ሰው፣ ዛሬ የሰው ጫማና የሰው መጽሐፍ ተቀብዬ እፈርማለሁ። እውነቱን ለመናገር የዛሬው ፊርማዬ ከድሮው ይልቅ ለሰው ይጠቅማል።

ወጣቱ ዕቃውን ሊወስድ የመጣው በዐቢይ ጾም፣ ሽሮ ጥጄ ሳለሁ ነው። ሽታው ያዘው መሰለኝ ከበሩ አልንቀሳቀስ አለ።

‹‹ሥጋ አለበት?››

‹‹ጾም ነው። ቅቤ እንኳ የለበትም።››

‹‹እኔም እኮ እጾማለሁ!›› ብሎኝ አረፈው።

ለካስ ልጁ በደቡብ ሕንድ የኬረላ ሰው፣ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ኖሯል። ቤተ ክርስቲያኑ ከእኛዋ ተዋሕዶ ጋር እህትማማች ናት። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1965 አፄ ኃይለ ሥላሴ የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናትን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የሕንዱም ካቶሊኮስ ተገኝተው ነበር። እኛ 55 ቀን ስንጾም እነሱ 50 ይጾማሉ። እንጀራ ሳቀርብለት በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ‹‹አፓም!›› አለና ሳቀ። አፓም ከሩዝ ሊጥ ተቦክቶ፣ አድሮ፣ ኮምጠጥ ሲል የሚጋገር የአገሩ እንጀራ ነው። ከዚያች ማታ ወዲህ ‹‹አንክል›› ይለኝ የነበረው ልጅ ‹‹ጋሼ›› ማለት ለመደ። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛና በጀርመንኛ ቅልቅል ነው፤ ‹‹ጋሼ›› ግን ትርጉም አላስፈለጋትም።

እንግዲህ ስለ ኑሮው ሲያወራ ብትሰሙት የእኛው ሰው ይመስላችኋል። ቤት ለመከራየት ከሰባ በላይ ማመልከቻ ልኳል። የጀርመን ደብዳቤ በሳጥኑ ውስጥ ባየ ቁጥር ሆዱ ይርበተበታል። የመጀመሪያ ደመወዙን ሲያይ ከግብር፣ ከጡረታና ከሕክምና መድን ተቆርጦ የቀረውን ሁለት ጊዜ ቆጥሮታል። ከሁሉ የከበደው ግን እሑድ ነው። ‹‹ጋሼ፣ በእኛ አገር ዝምታ ሲሆን ሰው ሞቷል ማለት ነው›› አለኝ አንድ ቀን። ኮቺ ላይ በሰርግ፣ በንግሥ፣ በመኪና ጥሩምባ መካከል ያደገ ልጅ፣ እዚህ ጠርሙስ እንኳ እሑድ ወደ መጣያው ከወረወረ ጎረቤት ይቆጣዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙንሸነር ጎዳና ካሉት የእስያ ሱቆች የካሪ ቅጠልና ኮኮናት ገዝቶ ይመጣና፣ እናቱ በስልኩ መስኮት እያየች ታስበስለዋለች። እናቱ ብቻዋን ናት። አባቱ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ እሱም አንድ ልጇ ነው።

አንድ ማታ የልጅነት ታሪኬን አነሳሁለት። እኔ ደብረ ማርቆስ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ሒሳብ ያስተማሩኝ ከኬረላ የመጡ ሰው ነበሩ። ልጁ አላመነኝም። እዚህ ዘመን ላይ የደረሳችሁ አንባብያን ግን ታውቃላችሁ፤ ከአፄው ዘመን እስከ ደርግ፣ ሕንዳዊ አስተማሪ ያልረገጠው የኢትዮጵያ ከተማ ጥቂት ነው። የሐረር ጦር አካዳሚን ያቋቋሙትም ሕንዳውያን መኮንኖች ናቸው። ከአስተማሪዎቹ አንዱ ፖል ቨርጊስ የሚባሉ የኬረላ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1947 በ25 ዓመታቸው ኢትዮጵያ ገብተው አማርኛ ተማሩ፤ ኋላም ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ እስከ መሥራት ደረሱ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ጳውሎስ ግሪጎርዮስ ተብለው የዴልሂ ጳጳስ ሆኑ።

ወጣቱ ወዲያው እናቱ ጋ ደወለ። እሷ ምንም አልገረማትም። ‹‹ድሮ እኮ ከእኛ አገር የተማረ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ አፍሪካ ነበር የሚሄደው፤ የዓረቡ አገር የመጣው በኋላ ነው›› አለችው። አስቡት! በአንድ ዘመን ሕንዳዊው እንጀራ ፍለጋ እኛ ዘንድ ይመጣ ነበር። ዛሬ እሱም እኔም ተሰደን ጋሉስ ላይ አንድ ደረጃ እንወጣለን።

ሆኖም አመጣጣችን ለየቅል ነው። እሱ ሲመጣ የሥራ ውሉ በእጁ፣ ‹‹ብሉ ካርድ›› የሚባለው ፈቃድ በፓስፖርቱ፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱ በኪሱ ነበር። እኔ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ስመጣ በእጄ የነበረው አንዲት ሻንጣና ለማንም ያልተናገርሁት ፍርሃት ነው። ‹‹ሀይም›› በምንለው መጠለያ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል አደርሁ። ያኔ በነበረው ሕግ ጥገኝነት ጠያቂ የመጀመሪያውን ዓመት ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም ነበር። እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የተቀመጠ ብቻ ነው።

ለሕንዶቹም ቢሆን በሩ በአበባ አልተከፈተም። መራሔ መንግሥት ጌርሃርድ ሽረደር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 ሐኖቨር ላይ ‹‹ግሪን ካርድ›› የሚባለውን ሐሳብ አቀረቡ። ከኦገስት 1 ቀን 2000 ጀምሮ እስከ 20,000 የሚደርሱ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ለአምስት ዓመት እንዲገቡ ተፈቀደ። የመጀመሪያዋ ካርድ የተሰጠችው ግን ለሕንዳዊ ሳይሆን ለኢንዶኔዥያዊ ነው። በዚያው ዓመት በኖርድራይን ቬስትፋለን ክፍለ ሀገር ምርጫ የክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ዕጩ ዩርገን ሩትገርስ ባካሄዱት ዘመቻ ‹‹ኪንደር ሽታት ኢንደር›› የሚል መፈክር ገነነ። ‹‹ሕንዶቹን ትተን ልጆቻችንን›› እንደ ማለት ነው። ምርጫውን ተሸነፉ። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 2024፣ ያችው ጀርመን ለሕንዳውያን ባለሙያዎች በዓመት የምትሰጠውን ቪዛ ከ20,000 ወደ 90,000 ከፍ ለማድረግ መወሰኗን አስታወቀች። ትናንት መፈክር የወጣበት ሰው ዛሬ ግብዣ ወጣለት። ጊዜ ደጉ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ሕንድ ስመ ጥር ከሆኑት የቴክኖሎጂ ተቋሞቿ የመጀመሪያውን ካራግፑር ላይ የከፈተችው በ1951 ነው። አንድ ዓመት ቀድመን ነበር። እነሱ አንዱን ሁለት፣ ሁለቱን አራት እያደረጉ ሄዱ። እኛ ደግሞ የተማረውን በቀይ ሽብር ፈጀነው፣ የተረፈውን አሰደድነው፤ በ1985 ዓ.ም. 42 መምህራንን ከዩኒቨርሲቲው አባረርን። ከዚያም የሕንድ ኩባንያ ጋምቤላ ላይ 100,000 ሄክታር መሬት ወሰደ ብለን ጮኽን፤ ጩኸታችንም ትክክል ነበር፣ ውሉም በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ግን ቁጭ ብለን ‹‹እነሱ ያንን ገንዘብና ያንን ዕውቀት ከየት አመጡት?›› ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን?

ይህን ስል ሕንድን ገነት አድርጌ ለመሣል አይደለም። ‹‹ደስታ ከሆነማ ምን አመጣኝ?›› የሚለኝ ራሱ ወጣቱ ነው። ድንበር የለሽ ዘጋቢዎች በ2025 ባወጡት የፕሬስ ነፃነት መዘርዝር ሕንድ ከ180 አገሮች 151ኛ ናት። እሱና ጓደኞቹ እሑድ ክሪኬት ሲጫወቱ ስለ መንግሥታቸው ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ ጉሮሮ ለጉሮሮ ሊተናነቁ የደረሱ ይመስላል። ጨዋታው ሲያልቅ ግን አንዱ የሌላውን ሻይ ይቀዳል። እኛ ሃያ ዓመት ሙሉ በፍራንክፈርት አዳራሾች ስብሰባ ጠርተን፣ ተቧድነን፣ ተካሰን፣ የለቅሶ ዕድር ሳይቀር ለሁለት የከፈልን ሰዎች ይህን ሳይ አንገቴን እደፋለሁ። እኔም ከከፋዮቹ አንዱ ነበርሁና ነው።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ባለፈው ወር ልጁ አንድ ቅጽ ይዞ ወረደ። የጀርመን ዜግነት ማመልከቻ ነው። ከጁን 27 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ አምስት ዓመት የኖረ ሰው እንዲያመለክት፣ የቀድሞ ዜግነቱንም ሳይተው እንዲወስድ ይፈቅዳል። የሕንድ ሕግ ግን አይፈቅድም። የሌላ አገር ፓስፖርት የወሰደ ሕንዳዊ ዜግነቱ ይቀርና የትውልድ ካርድ ይሰጠዋል፤ አገሩ ይገባል፣ ይሠራል፣ ድምፅ ግን አይሰጥም። ይህ ለእናንተ አዲስ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደችው የእኛዋ ቢጫ ካርድም ያው ናት።

‹‹ጋሼ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?›› አለኝ።

እኔማ አድርጌዋለሁ። የወሰድሁ ቀን ቤቴ ገብቼ ለማንም አልተናገርሁም። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን ስላላወቅሁ ነው። እናቴ በ2004 ዓ.ም. ስታርፍ መርዶው የደረሰኝ በስልክ፣ ሌሊት፣ ሥራ ላይ ነው። ያኔ ፓስፖርት ቢኖረኝም መግባት አልችልም ነበር። በ2010 ዓ.ም. በሩ ተከፈተ ሲባል ሄድሁ፤ መቃብሯ ላይ የቆምሁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ነገርሁትና ‹‹ቅጹ አይበላሽም። አንተ ልትገባበት የምትችል በር አለህ፤ መጀመሪያ በሩን ተጠቀምበት›› አልሁት። ምክር መስጠት እንደማያምርብኝ አውቃለሁ። ልጁ ግን ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተና ዝም ብሎ ወጣ።

ባለፈው ሐሙስ የቤቱን ቁልፍ ይዞ መጣ። ለስድስት ሳምንት እናቱ ዘንድ ሊሄድ ነው። ተመልሶ ያመልክት አያመልክት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እሱን ከሸኘሁ በኋላ ትዝ ያሉኝ የሒሳብ አስተማሪዬ ናቸው። እንግሊዝኛቸውን እየቀዳን እንስቅባቸው ነበር። ባለቤታቸው ሳሪ ለብሰው፣ ጥላ ይዘው ሲያልፉ ልጆች ይከተሏቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሰማያዊ ኤንቨሎፕ ቀደው፣ ቤታቸው እስኪደርሱ ሳይታገሡ፣ ቆመው ያነቡ ነበር። እንደ ሽማግሌ ነበር የማያቸው። አሁን ሳሰላው ከሠላሳ ሁለት፣ ከሠላሳ ሦስት ዓመት አይበልጡም ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ሲያስተምሩኝ ‹‹እናትዎ ደኅና ናቸው ወይ?›› ብሎ የጠየቃቸው አንድም ተማሪ አላስታውስም።

ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ቸር እንሰንብት።