በኢንተርኔት የተገዛ ያገለገለ ዕቃ እንደተባለው ሳይሆን ሲቀር ገዥው ምን መብት አለው?

በጉማራ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ አንድ የፎገራ ወረዳ አርሶ አደር ያገለገለ የውኃ መሳቢያ ሞተር ለመግዛት ፈለገ እንበል። በቴሌግራም የሽያጭ ገጽ ላይ "ሦስት ወር ብቻ የሠራ፣ ምንም ችግር የሌለበት" የሚል ማስታወቂያ ከነፎቶው አገኘ። በስልክ ዋጋ ተከራክሮ 25 ሺህ ብር በባንክ ላከ፤ ሞተሩም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ወረታ ደረሰ። ማሳው ላይ ሲነሣ ግን ውኃ አይስብም። መካኒክ ሲያየው ፒስተኑ ያለቀ፣ ቀደም ሲልም ተፈትቶ የተገጣጠመ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ሲጠየቅ "ያገለገለ መሆኑን ተናግሬያለሁ፤ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ምላሽ ሰጠ። ሽንኩርቱ ደግሞ ያለ ውኃ ብዙ ቀን አይቆይም።

ይህ ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ ነው። ያገለገለ ስልክ፣ ላፕቶፕ ወይም ፍሪጅ በማኅበራዊ ሚዲያ የሚገዛ የከተማ ነዋሪም ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመው ይችላል። ብዙ ገዥዎች ያገለገለ ዕቃ ከገዙ በኋላ የመጠየቅ መብት እንደሌላቸው ያስባሉ። የሀገሪቱ ሕግ ግን እንዲህ አይልም።

ያገለገለ ማለት የተባለውን ያልሆነ ማለት አይደለም

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ ውል በሚደነግግበት ክፍል ሻጩ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ እንደሆነ ይገልጻል። ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገው ጥራት ከሌለው፣ ወይም በውሉ በግልጽም ሆነ በዝምታ የታሰበውን ጥራት ካላሟላ ጉድለት አለበት ይባላል። ሕጉ ይህን ኃላፊነት ለአዲስ ዕቃ ብቻ ለይቶ አልሰጠም።

ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው የአዲስ ዕቃ ያህል ጥራት ሊጠብቅ አይችልም። ቀለሙ መልቀቁ፣ ጎማው መሳሳቱ ወይም የስልኩ ባትሪ መዳከሙ ከዕድሜው ጋር የሚመጣ ነው። የጥያቄው መመዘኛ ከሽያጩ በፊት ስለ ዕቃው የተነገረው ነገር ነው። "ሦስት ወር የሠራ" የተባለው ሞተር ዓመታት ያገለገለ ከሆነ፣ "ተፈትቶ የማያውቅ" የተባለው ስልክ ስክሪኑ የተቀየረ ከሆነ የተሸጠው ዕቃ የተባለው አይደለም።

በአንጻሩ ገዥው ጉድለቱን እያወቀ ከገዛ ኋላ ሊከራከርበት አይችልም። ስክሪኑ መሰንጠቁ በማስታወቂያው ላይ ተጽፎ፣ በፎቶም ታይቶ የተገዛ ስልክ ለዚህ ምሳሌ ነው። "ተመላሽ የለም" የሚለው ቃልም ሻጩን ሁልጊዜ አያድነውም። ሻጭና ገዥ ኃላፊነቱን በውል ሊያጠብቡት ቢችሉም፣ ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ እንዲህ ያለው ስምምነት ዋጋ አይኖረውም።

ሻጩ ነጋዴ ነው ወይስ ግለሰብ?

ገዥው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። ሻጩ ነጋዴ ከሆነና ዕቃው የተገዛው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ ከሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፈጻሚ ይሆናል። አዋጁ ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነጋዴው የዕቃውን አዲስነት፣ ሞዴል፣ ታድሶ የተሠራ ወይም ያገለገለ መሆኑን በትክክል ሳይገልጽ መሸጥም የተከለከለ ነው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ ይችላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 15 ቀኑ የሚቆጠረው ዕቃው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ነው። ታኅሣሥ 1 ተገዝቶ ታኅሣሥ 6 በመናኸሪያ የደረሰ ዕቃ አምስት ቀን በመንገድ ላይ አልቆበታል። ስለዚህ ዕቃው እንደደረሰ ሳያድር መፈተሽ አለበት።

ለአርሶ አደሩ ሌላም ነጥብ አለ። አዋጁ ሸማች የሚለው ለማምረት ተግባር ወይም መልሶ ለመሸጥ ሳይሆን ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው። ለገበያ የሚቀርብ ሽንኩርት ለማልማት የተገዛ የውኃ መሳቢያ ሞተር ከዚህ ትርጉም ውጭ ነው የሚል መከራከሪያ ሻጩ ሊያነሣ ይችላል። ይህ ቢሆንም አርሶ አደሩ ባዶ እጁን አይቀርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ገዥው ዕቃውን ለምን እንደገዛው፣ ሻጩም ነጋዴ ይሁን ግለሰብ ሳይለይ ይሠራል። በዚህ ሕግ መሠረት ጉድለቱ ከባድ ከሆነ ውሉ ፈርሶ ገንዘቡ እንዲመለስ፣ ለደረሰው ጉዳትም ካሳ እንዲከፈል መጠየቅ ይቻላል።

ሕጉ ከገዥው የሚጠብቀው

መብቱ ግዴታም አለው። ገዥው ዕቃውን አመቺ ጊዜ እንዳገኘ መመርመር፣ ጉድለት ካየም ሳይዘገይ ምን እንደሆነ ገልጾ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ካስታወቀ በኋላ ክስ ለማቅረብ ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው። በሽምግልና ለመጨረስ መሞከር መልካም ቢሆንም "ዛሬ ነገ" እየተባለ ጊዜው እንዳያልፍ ልብ ማለት ያሻል።

ማስታወቂያው በቃል ብቻ ባይሆን ይመረጣል። ሻጩ ስልክ ቢያነሣም ባያነሣም "በዚህ ቀን የገዛሁት ሞተር ተፈትቶ የተገጣጠመ ሆኖ ስላገኘሁት ገንዘቤ ይመለስልኝ" የሚል የጽሑፍ መልእክት መላክ ቀኑንም ጥያቄውንም መዝግቦ ያስቀምጣል።

ማስረጃ ከመጥፋቱ በፊት

የሞተር ወይም የስልክ ሽያጭ እንዲጸና የግድ በወረቀት ላይ የተጻፈ ውል አያስፈልግም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንደማይነፈገው ደንግጓል። በቴሌግራም የተደረገ የመልእክት ልውውጥ ለክርክር የሚቀርበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ መልእክቱ ሊጠፋ መቻሉ ነው። በቴሌግራም የግል ልውውጥ ውስጥ ሻጩ መልእክቱን ከራሱም ከገዥውም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ማስታወቂያው፣ ፎቶዎቹ፣ የሻጩ መለያ ስምና ስልክ ቁጥር እንዲሁም "ችግር የለበትም" ያለበት መልእክት ገንዘብ ከመላኩ በፊት በስክሪን ሾት መቀመጥ አለባቸው። በቃል የተነገረውን ደግሞ "ሦስት ወር የሠራ ነው ብለውኛል፤ ትክክል ነው?" ብሎ በጽሑፍ መጠየቅና መልሱን መያዝ ይቻላል።

ገንዘብ ሲላክ የሒሳቡ ባለቤት ስም ከሻጩ ስም ጋር መመሳሰሉን ማየት፣ የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታም የዕቃውን ስም መጻፍ ይጠቅማል። ሻጩ ነጋዴ ከሆነ ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ ስላለበት ደረሰኝ መጠየቅ ይገባል። ዕቃው ሲደርስ እሽጉ ሲከፈትና ሞተሩ ሲነሣ በሰው ፊት ቪዲዮ መቅረጽ መልካም ነው። መካኒክ ከመፍታቱ በፊት ፎቶ ካልተነሣ ሻጩ "ያበላሸው የእናንተ መካኒክ ነው" ሊል ይችላል።

ወዴት መሄድ ይቻላል?

ሻጩ ለመመለስ ፈቃደኛ ካልሆነና ነጋዴ ከሆነ አቤቱታው ሻጩ ለሚሠራበት አካባቢ የንግድ ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። ግለሰብ ከሆነ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። የፍትሐ ብሔር ክስ በመሠረቱ ተከሳሹ በሚኖርበት ቦታ ቢቀርብም፣ የውል ክርክር ውሉ በተደረገበት ወይም ሊፈጸም በታሰበበት ቦታም ሊቀርብ ይችላል። በመሆኑም ዕቃውን ወረታ ድረስ አምጥቶ ለማስረከብ የተስማማ ሻጭ ካለ፣ ርክክቡ የት እንደሚሆን በመልእክት ላይ መጻፉ ኋላ ገዥውን ከረጅም ጉዞ ሊያድነው ይችላል።

ሻጩ ሆን ብሎ በሐሰተኛ ቃል ወይም በሌላ ዕቃ ፎቶ ገዥውን አሳስቶ ገንዘብ ከወሰደ ጉዳዩ ከውል ክርክር ያልፋል። ይህ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 የሚያስቀጣ የማታለል ድርጊት ሊሆን ስለሚችል ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል።

እነዚህ ሁሉ መንገዶች ጊዜ ይወስዳሉ፤ ውኃ የሚጠብቅ ማሳ ደግሞ ፍርድ እስኪሰጥ አይታገሥም። ስለሆነም የሚቻል ከሆነ ከተማው ላይ ዘመድ ወይም መካኒክ ልኮ ሞተሩን በውኃ ላይ አስነሥቶ ማየት፣ ካልተቻለም ገንዘቡ ዕቃው ተፈትሾ ከተረከቡ በኋላ እንዲከፈል መስማማት ይበጃል። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ሲያጋጥም ግዢውን መተው ይሻላል።