አሮጌው ኮምፒዩተር ገና አልሞተም

ማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለሚባለው ፕሮግራሙ ይሰጥ የነበረውን ነፃ የጥገና አገልግሎት እ.አ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ከዚያ ወዲህ በየግሮሰሪው ጓዳ፣ በየሬስቶራንቱ ቢሮና በየታክሲ ባለንብረቱ ቤት የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው። "እንግዲህ ይህ ኮምፒዩተር ይጣላል ማለት ነው?" የሚል። ሻጭ ቢጠየቅ "አዎን፣ አዲስ ይግዙ" ማለቱ አይቀርም፤ ሥራው መሸጥ ነውና አይፈረድበትም። የዚህ ዓምድ መልስ ግን ሌላ ነው። ብዙው ማሽን ይድናል፣ አንዳንዱ አይድንም፣ አንዳንዱ ደግሞ ቢድንም ለንግድ ሥራ አይበጅም። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ የኪስም የደኅንነትም ጉዳይ ስለሆነ ቀጥለን እንመለከተዋለን።

የተለወጠው ምንድን ነው?

ዊንዶውስ 10 በ2015 የወጣ ሲሆን ተተኪው ዊንዶውስ 11 በ2021 ወጥቷል። አዲሱ ፕሮግራም ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና አዘውትሮ ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። የኢንቴል ማሽን ያላችሁ በላዩ ላይ የተለጠፈውን ወይም በቅንብሩ ውስጥ የተጻፈውን ቁጥር ተመልከቱ። "አይ 5-6500" የሚል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 6 ስድስተኛ ትውልድ መሆኑን ያመለክታል። ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። ስለዚህ ስድስተኛው ትውልድ ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ከበር ይመለሳል።

ኮምፒዩተሩ ኦክቶበር 15 ጠዋት ሲከፈት እንደ ወትሮው ሠርቷል። ብዙዎችን ያዘናጋውም ይኸው ነው። የቆመው የደኅንነት ማሻሻያው ነው። ከእንግዲህ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም፤ የተደፈነበት ሌላ ኮምፒዩተር ግን ቀዳዳው የት እንደነበረ ለሌባው ያሳየዋል። ይህ ተራ ማስፈራሪያ እንዳልሆነ ሜይ 12 ቀን 2017 ታይቷል። በዚያን ዕለት ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ኮምፒዩተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር በተገመተው መሠረት ወደ 19,000 የሚሆኑ የሐኪም ቀጠሮዎች ተሰረዙ። ማይክሮሶፍት መድኃኒቱን ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፤ በአብዛኛው የተጎዱት መድኃኒቱን ያልወሰዱት ናቸው።

ኩባንያው ተጨማሪ ጊዜ ሰጥቷል። ለግል ተጠቃሚ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚደርስ አንድ ዓመት ሲሆን ለድርጅቶች ያወጣው ዋጋ ግን በአንድ ኮምፒዩተር ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። 61፣ 122፣ 244 ብላችሁ ደምሩት፤ በሦስት ዓመት 427 ዶላር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ደህና ያገለገለ ኮምፒዩተር ይገዛል።

ሌላው መንገድ፦ ክፍት ሶፍትዌር

ክፍት ሶፍትዌር ማለት የተሠራበት ኮድ ለማንኛውም ሰው የሚታይ፣ የሚቀዳ፣ የሚስተካከልና ለሌላ የሚተላለፍ ፕሮግራም ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ የፕሮግራም ባለሙያ ግኑ የተባለውን ሥራ በ1983 አሳወቀ። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር እምብርት ጀምሮ ለሰው ሁሉ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎችና ኩባንያዎች እየጨመሩበት እዚህ ደርሷል። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

"ይህማ የሊቃውንት ነገር ነው፤ እኛ ምን አገባን?" የሚል ይኖራል። አንድሮይድ ስልክ ይዞ ታክሲ የሚነዳ ሁሉ ግን ሳያውቀው ሊኑክስ በኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። የአንድሮይድ እምብርት ሊኑክስ ነውና።

የክፍት ሶፍትዌር ትልቁ ጥቅም ነፃ መሆኑ ነው የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ትልቁ ጥቅሙ የጻፋችሁት ነገር የእናንተው ሆኖ መቅረቱ ነው። ለዚህ ከእኛው ማኅበረሰብ የተሻለ ምስክር የለም። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደላቱን በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። በ1990ዎቹ የተጻፈ የዕድር ቃለ ጉባኤ ወይም የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ በአሮጌ ዲስክ ያለው ሰው ዛሬ ይክፈተው፤ የጊዜው ፊደል ከሌለው ማንበብ አይችልም። ወረቀቱ ላይ የታተመው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ሰነዳችሁን የአንድ ሻጭ ፕሮግራም ብቻ በሚያነበው መልክ ማስቀመጥ ማለት ቁልፉን ለሻጩ መስጠት ማለት ነው።

የትኛው ማሽን ይድናል?

ሊኑክስ በብዙ ዓይነት የሚዘጋጅ ሲሆን ከዊንዶውስ ለሚመጣ ሰው እኔ የምመርጠው ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነው። መልኩ ከለመድነው አይርቅም። ዝቅተኛው ፍላጎቱ 2 ጊጋባይት ራም እና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ሲሆን በምቾት ለመሥራት ግን 4 ጊጋባይት ራም ይመከራል። ድረ ገጽ እየከፈተ ለሚውል የንግድ ሰው 8 ቢሆን እመርጣለሁ።

ከሁሉ በላይ አሮጌ ማሽንን የሚያድሰው ዲስኩን መለወጥ ነው። የሚሽከረከረው የድሮ ሃርድ ዲስክ ወጥቶ ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ሲገባ፣ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ኮምፒዩተር በጥቂት ሰከንዶች ይነሣል። ለብዙዎቹ ሥራው አንድ ካቻቢቴና የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስበት ሰው ደግሞ "ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል" ሲባል አይደንግጥ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ሲ.አር. 2032 የምትባለው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት፣ በየፋርማሲው ትሸጣለች። በጣም የሚሞቅ ማሽንም ብዙውን ጊዜ አቧራ የጎረሰ ነው፤ በተለይ ምግብ ቤት ውስጥ ቅባትና አቧራ ተጣብቆ ማራገቢያውን ይዘጋዋል።

ይሁንና እኔ አሮጌ ዕቃ ወዳድ ብሆንም አሮጌ ሁሉ ይቀመጥ አልልም። ባለ 32 ቢት ማሽኖች ዘመናቸው እያለፈ ነው። ነባሩ ደቢያን እንኳ በ2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለእነሱ ሙሉ ድጋፍ መስጠቱን ትቷል። ባትሪው ያበጠ ላፕቶፕም ለአንድ ቀንም ቢሆን አይሠራበት፤ እሳት ያስነሣል። መብራቱንም አስቡ። ቀንና ሌሊት የማይጠፋ የድሮ ዴስክቶፕ 80 ዋት ቢወስድ በዓመት 700 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። 20 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ግን 175 ብቻ ነው። በኪሎዋት ሰዓት 17 ሳንቲም ብንቆጥር ልዩነቱ በዓመት ወደ 89 ዶላር ይደርሳል። ስለዚህ ሌት ተቀን ለሚሠራ ሥራ አሮጌ ዴስክቶፕ ርካሽ አይደለም፤ በቀን ሁለት ሰዓት ሒሳብ ለሚሠራበት ግን ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም።

ለሱቅና ለታክሲ ምን ይሠራል?

ደብዳቤና ሠንጠረዥ ለመሥራት ሊብረኦፊስ የሚባለው አለ፤ የማይክሮሶፍት ኦፊስን ፋይሎችም ይከፍታል፣ አልፎ አልፎ የገጹ አቀማመጥ ቢዛነፍም። ለሒሳብ መዝገብ ግኑካሽ አለ፤ በሁለት ወገን የሚመዘግብ ሙሉ የሒሳብ ፕሮግራም ሲሆን ከባንክ የሚወርዱ ፋይሎችንም ይቀበላል። ለአማርኛ ጽሑፍ ኪማን የሚባለው በሊኑክስም ላይ ይሠራል፤ አቢሲኒካ እና ኖቶ የተባሉት ፊደላትም በነፃ ይገኛሉ።

የታክሲ ባለንብረት በተለይ ይህን ይስማ። የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት ለ2025 የፈቀደው የማይል ሒሳብ 70 ሳንቲም ነበር። በዚህ ስሌት የሚጠቀም ሰው 30,000 የሥራ ማይል ቢነዳ 21,000 ዶላር ከገቢው ላይ ይቀነስለታል። ይህን የሚያረጋግጥለት ግን ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሥራውን ምክንያትና ማይሉን በየጊዜው የጻፈበት መዝገብ ነው። መዝገቡ ያለበት ዲስክ ሲበላሽ የሚጠፋው ፋይል ብቻ አይደለም። ሠንጠረዡ በሊብረኦፊስ ይሠራ ወይም በሌላ፣ ቅጂው በሁለተኛ ቦታ ይኑር።

የማይሠራውንም መደበቅ አይገባም። ኩዊክቡክስ ዴስክቶፕ በሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ በድረ ገጽ የሚሠራው ዓይነት ግን ይከፈታል። ቱርቦታክስ ዴስክቶፕም እንዲሁ አይሠራም፤ እንዲያውም የ2025 የግብር ዓመት እትሙ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቅ ነው። የኢሚግሬሽን ቅጾችን ራሳችሁ የምትሞሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ ቅጾች በአዶቤ ሪደር እንዲሞሉ የተዘጋጁ ሲሆኑ አዶቤ ለሊኑክስ የሚሆን ሪደር ማውጣት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ኤን-400፣ አይ-90 እና አይ-130ን የመሳሰሉት በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ አካውንት ከፍቶ ስለሚሞሉ ችግር የለባቸውም። ለቀሩት ግን የልጅን ወይም የጓደኛን ዊንዶውስ መጠቀም ይሻላል። ያልተከፈተ ወይም ግማሹ የጠፋ ቅጽ ልኮ ወራት ማባከን አይገባም።

የካርድ መክፈያ ያለበት ካሽ ሬጅስተርን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ አትንኩት። የካርድ ኩባንያዎች ፒ.ሲ.አይ. በሚባለው ደንባቸው ማሽኖች የደኅንነት ማሻሻያ በጊዜው እንዲገባላቸው ያዛሉ። ስለዚህ ሬጅስተራችሁ በዊንዶውስ 10 የሚሠራ ከሆነ የሸጠላችሁን ኩባንያ ማሻሻያ ያገኝ እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የደንበኛ ካርድ ቢሰረቅ ጠያቂው ወደ እናንተ ነው የሚመጣው።

እንዴት ይጀመር?

መጀመሪያ ያላችሁን ሁሉ በውጭ ዲስክ ላይ ቅዱ። ሊኑክስ ሲጫን የነበረውን ጠርጎ ሊያጠፋ ስለሚችል ሳይቀዱ መጀመር ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው መሆን ነው። ቀጥሎ ሚንትን በፍላሽ ዲስክ ላይ አዘጋጅታችሁ ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ አስነሡት። በዚህ መንገድ ዲስኩን ሳይነካ ይሠራል። ዋይ ፋይ ያዘ? ፕሪንተሩ አተመ? ድምፅ አለ? የባንካችሁ ድረ ገጽ ተከፈተ? ሁሉም አዎን ከሆነ ብቻ ይጫን። ከሁሉ የሚሻለው አዲስ ኤስ.ኤስ.ዲ. አስገብቶ በእሱ ላይ መጫንና የድሮውን ዲስክ እንዳለ መሳቢያ ውስጥ ማቆየት ነው። ካልተስማማችሁ መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ።

ማሽኑን ለመጣል የወሰነ ሰው ደግሞ ዲስኩን ሳያወጣ እንዳይጥል። ፋይል ሰርዞ ቆሻሻ ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ ማጥፋት አይደለም። የግብር ወረቀቱ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የኢሚግሬሽን ሰነዱ ሁሉ እዚያው ላይ ይገኛል።

ክፍት ነው ማለት እንከን የለውም ማለት አይደለም

አንዳንድ ሊኑክስ ወዳዶች "የእኛ ቫይረስ አይነካውም" ሲሉ ይሰማል። ይህ አያዋጣም። በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው ቀዳዳ የተገኘው ግማሽ ዓለም በሚጠቀምበት ክፍት ፕሮግራም ውስጥ ነው። በማርች 2024 ደግሞ ኤክስ.ዜድ. በሚባል ትንሽ ክፍት ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ተገኘ። ያገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የማይክሮሶፍት ሠራተኛ ነው። ወደ ማሽኑ መግባት ከተለመደው ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አስጠርጥሮት ሲመረምር ደረሰበት። ሊመረምር የቻለው ግን ኮዱ ክፍት ስለነበረ ነው። የተዘጋ ቤት ውስጥ የተደበቀውን ባለቤቱ ካልነገረን በቀር ማየት አንችልም።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከሚያምኑት ሻጭ ጋር በሚሠራ ሬጅስተር ላይ ሙከራ አይደረግ። ጓዳ ውስጥ ያለው የሒሳብና የደብዳቤ ኮምፒዩተር፣ ባለ 64 ቢትና 4 ጊጋባይት ራም ያለው ከሆነ፣ በኤስ.ኤስ.ዲ. ዋጋ ብቻ ብዙ ዓመት ያገለግላል። የሚተርፈው ገንዘብ ለታክሲው ጎማ ወይም ለሱቁ ዕቃ መግዣ ይውላል። አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት ክፉ አይደለም፤ የሚያስቆጨው ያለውን ሳይመረምሩ መግዛት ነው።