ድብርት በንግግር ብቻ ይድናልን?

ድብርት የያዘው ሰው ያለበት ቤተሰብ አዘውትሮ የሚለው ነገር አለ፤ «ውስጡን አውጥቶ የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ይሻለው ነበር» ይላል፡፡ ሐሳቡ ከእውነት የራቀ አይደለም፡፡ ለመሆኑ ንግግር ብቻውን እስከ ምን ድረስ ይረዳል? ለዚህ ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ የተፈጸመ አንድ የታወቀ ታሪክ አለና እሱን እናንሳ፡፡

ዶክተር ራፋኤል ኦሸሮፍ በቨርጂኒያ ግዛት የሚሠሩ የኩላሊት ሐኪም ነበሩ፡፡ በጥር ወር 1979 (እ.ኤ.አ) በከባድ ድብርት ተይዘው፣ በሜሪላንድ ግዛት ቼስትነት ሎጅ በተባለ ሆስፒታል ተኙ፡፡ ሆስፒታሉ በዘመኑ ስመ ጥር ነበር፤ ዝናውም ሳይኮዳይናሚክ የሚባለው የንግግር ሕክምና ነው፡፡ በዚህ ሕክምና አመለካከት ሰውን የሚያውከው ከልጅነቱ ጀምሮ በውስጡ የታመቀ፣ ራሱም በውል የማያውቀው ስሜት ነው፡፡ ሐኪሙ በሳምንት ደጋግሞ እያነጋገረው ያንን ስሜት እንዲያስተውለው ይረዳዋል፡፡

ዶክተሩ በዚያ ሰባት ወር ቆዩ፡፡ መድኃኒት አልተሰጣቸውም፡፡ እንቅልፍ አጡ፤ ክብደታቸው 18 ኪሎ ያህል ቀነሰ፤ እረፍት አጥተው በኮሪደሩ ሲመላለሱ እግራቸው አብጦ ውኃ ቋጠረ፡፡ ቤተሰባቸው ተጨንቆ ሌላ ሐኪም አማከረ፡፡ የሆስፒታሉ ሐኪሞች ተሰብስበው ጉዳዩን ቢመለከቱም በያዙት መንገድ ቀጠሉ፡፡ በመጨረሻ ቤተሰቡ በኮነቲከት ግዛት ወደሚገኘው ሲልቨር ሂል ሆስፒታል ወሰዳቸው፡፡ እዚያ መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ታየ፤ በሦስት ወር ውስጥም ወደ ቤታቸው ተመለሱ፡፡

በ1982 ቼስትነት ሎጅን ከሰሱ፡፡ ጉዳዩ በ1987 በስምምነት ስላለቀ የመጨረሻ ፍርድ የተሰጠበት አይደለም፡፡ በሐኪሞች መካከል ግን ክርክሩ አልበረደም፡፡ በ1990 ዶክተር ጄራልድ ክለርማን «በጥናት የተፈተነ ሕክምና እያለ ለምን ተነፈጉ?» የሚል ሐሳብ ይዘው ተነሡ፡፡ ዶክተር አለን ስቶን ደግሞ አንድ ወገን በሳይንስ ስም ሌላውን ሐኪም ሁሉ ሊያስር አይገባም ሲሉ ተከራከሩ፡፡ ስቶን ያሉት ቁም ነገር አለበት፡፡ ሆኖም ሰው እንደዚያ እየመነመነ ሰባት ወር መጠበቅ፣ የቱንም ያህል የረቀቀ ትምህርት ቢኖር፣ ለእኔ አይዋጥልኝም፡፡

ታዲያ ተኝቶ በንግግር መታከም ከንቱ ነውን? አይደለም፡፡ በጀርመን ዛሬም ብዙ ሆስፒታሎች ይህንኑ ሕክምና ይሰጣሉ፡፡ በሽተኛው በወር ሳይሆን በሳምንት ለሚቆጠር ጊዜ ተኝቶ ብቻውንም በቡድንም ይነጋገራል፤ ካስፈለገም መድኃኒት ይጨመርለታል፡፡ ሲገቡና ሲወጡ የተመዘኑ ሕሙማን አብዛኛውን ጊዜ ተሽሏቸው ይገኛሉ፡፡ ነገር ግን ድብርት አንዳንዴ በራሱ ጊዜም የሚለቅ ሕመም ነው፡፡ ስለዚህ ከመሻሻሉ ምን ያህሉ ከንግግሩ፣ ምን ያህሉ ከመድኃኒቱ ወይም ከእረፍቱ እንደመጣ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፡፡ በከባድ ድብርት ላይ ግን ንግግርና መድኃኒት አንድ ላይ ሲሰጡ ከየብቻቸው ይልቅ እንደሚረዱ ጥናቶች ያሳያሉ፡፡

ለሙስሊሞች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፡፡ በ934 (እ.ኤ.አ) ያረፉት ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤንነት በጻፉት መጽሐፍ ሐዘንን ሁለት አድርገው ከፍለውታል፡፡ አንደኛው መነሻው የታወቀ ነው፤ ምክርና ራስን ማነጋገር ይረዳዋል፡፡ ሁለተኛው መነሻው የማይታወቅ ነው፤ እርሱን ከአካል የመጣ ነው ብለው ሰውነትም እንዲታከም አዘዋል፡፡ የአካሉን ነገር በዘመናቸው ዕውቀት በደም ቢያመካኙትም፣ ክፍፍሉ ዛሬም ያስደንቃል፡፡

የዶክተር ኦሸሮፍን መመንመን አይቶ ዝም ያላለው ቤተሰባቸው ነው፡፡ እናንተም ሕሙማችሁን ስታሳክሙ ሐኪሙን ጠይቁ፡- ሕመሙ ምን ተብሎ ተለየ? መድኃኒት ካልታዘዘ ለምን? ለውጥ የሚጠበቀው በስንት ሳምንት ነው? እንቅልፉንና ምግቡን በቤት የምታዩት እናንተ ናችሁና ያያችሁትን ንገሩት፡፡ ሕሙሙ ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይወሰዳል፡፡