የአንኮበር የጉዞ ፎቶግራፎችና የማስተካከያ ሶፍትዌር ምርጫ

በሰሜን ሸዋ ዞን ከደብረ ብርሃን ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አንኮበር ምስሏ ለውጭው ዓለም የደረሰው ካሜራ ወደ ስፍራው ከመግባቱ በፊት ነው። እ.ኤ.አ በ1841 በዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ መሪነት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከመጣው የእንግሊዝ ልዑክ ጋር የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ፣ የሳላቸውን ሥዕሎች እ.ኤ.አ በ1852 በመጽሐፍ አሳትሟል።

ዛሬ ይህን ተግባር የእጅ ስልክ የያዘ መንገደኛ ሁሉ ያከናውነዋል። ለመስክ ሥራ የሚጓዙ የመንግሥት ሠራተኞች የሚያነሷቸው ፎቶግራፎችም በመሥሪያ ቤቶች ገጾች ላይ ይወጣሉ። ይሁንና በግለሰብ ገጽ የወጣ ፎቶግራፍ እንደ ትውስታ ሲታይ፣ በመሥሪያ ቤት ስም የወጣው እንደ ማስረጃ ይወሰዳል።

ልዩነቱ በአንኮበር ጎልቶ ይታያል። ከዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ፍርስራሽ ሲሆን፣ በዚያው ኮረብታ ላይ በቤተ መንግሥቱ አምሳያ ሎጅ ተሠርቷል። ፍርስራሹ ከፎቶግራፉ ተቆርጦ ወጥቶ ሎጁ ብቻ «የምኒልክ ቤተ መንግሥት» በሚል መግለጫ ሲሰራጭ፣ ተመልካቹ አዲሱን ሕንፃ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቅርስ አድርጎ ይቀበለዋል። ስህተቱ የተፈጸመው በአንድ የመቁረጫ ትእዛዝና በሦስት ቃላት ብቻ ነው።

በጉም የደበዘዘን ፎቶግራፍ ብርሃን መጨመር ተገቢ ነው፤ የአንኮበርን ጉም አጥፍቶ የሌላ ቦታ ሰማይ መተካት ግን ማስተካከል ሊባል አይችልም። በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘውና በአካባቢው ስም የተሰየመችው አንኮበር ሴሪን የተባለችው ወፍ ቡናማና ደብዛዛ ናት። ቀለሟ ከልክ በላይ ሲደምቅ ለመለየት ያስቸግራል።

ሶፍትዌርን በሚመለከት፣ በርካታ ተጠቃሚዎች የለመዱትን ፒካሳን ጉግል እ.ኤ.አ በ2016 አቋርጧል። ፎቶሾፕ ኃይለኛ ቢሆንም እ.ኤ.አ ከ2013 ወዲህ አዳዲስ እትሞቹ የሚቀርቡት በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ በመሆኑ፣ ለወረዳ ጽሕፈት ቤት በጀትና የውጭ ምንዛሪ የሚመች አይደለም። ጂምፕ በነጻ የሚገኝ፣ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራና በግዕዝ ፊደል ጽሑፍ ማስገባት የሚያስችል ነው። ለእጅ ስልክ ስናፕሲድ በቂ ነው። በእርግጥ አብዛኛው የቢሮ ሥራ ከመቁረጥ፣ ከማቃናትና ብርሃን ከማመጣጠን አያልፍም።

ከምርጫው ይልቅ የሚያሳስበው ዋናው ፎቶግራፍ መጥፋቱ ነው። ጄፔግ ፋይል ታርሞ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፤ ቴሌግራምም በተራ ፎቶግራፍነት የተላከለትን ምስል ያሳንሳል። ስለዚህ ዋናው ሳይነካ ተቀምጦ ማስተካከያው በቅጂው ላይ ሊደረግ፣ ለሌላ ክፍል ሲላክም በፋይል መልክ ሊላክ ይገባል።

የባለቤትነት ጉዳይም አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ሥራ ከተሠራበት ጊዜ አንስቶ 25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ሠራተኛው በሥራ ግዴታው ያነሳው ፎቶግራፍ የተለየ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ሲሆን፣ ከጎብኚ ገጽ የተወሰደው ግን የአንሺውን ፈቃድ ይጠይቃል።